ለዛፍ የተጠራ ዋስ

በቀደም የእትዬ አስካለን ሙት ዓመት አውጥተን ስንመለስ የልጅ ልጃቸው ሊያ በመኪናዋ ወደ ቤቴ ወሰደችኝ። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ "ጋሼ ደምሴ፣ አንተና እማማ ግን ዘመድ ናችሁ እንዴ?" አለችኝ። አንተ ነው የምትለኝ፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱን ጥለውታል፣ እኔም መቆጣቱን ከተውኩ ቆየሁ። "ዘመድስ አይደለንም፤ ዋሴ ነበሩ" አልኳት። "ኦ፣ ኮሳይን አድርጋልህ ነው? ለመኪና ነው ለቤት?" "ለዛፍ" አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ሽማግሌው ጃጀ ብላ ሳይሆን አይቀርም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሮ ከኋላችን ያለው ሰው ጡሩምባውን ለቀቀው። "ሶ፣ አትነግረኝም?" አለች እየነዳች። መኪና ውስጥ የሚያልቅ ወሬ አይደለም አልኳት። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ሙት ዓመቱ ላይ ስንት ሰው ተነሥቶ ተናገረ። ዶክተሩ ተናገረ፣ መሐንዲሱ ተናገረ፣ ባለ ሱቋ ተናገረች። እጃቸው እንደሚጣፍጥ፣ ቤታቸው ለተማሪ ሁሉ ክፍት እንደነበር ተወራ። ስለ እንግሊዝ አገሩ ጫካ ግን አንድ ሰው አላነሳም። የሚያውቅ የለማ። ከኔ በቀር ነገሩን ከሥሩ የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ሁለቱም አልፈዋል። ስለዚህ እንደምችለው እጽፈዋለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝና ፊደሉ ቢወለጋገድ አትፍረዱብኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አልጠራም፤ ብጠራም እሳሳታለሁ። ሱሪ ከታች ሰፍቶ መሬት የሚጠርግበት፣ ወንዱም ሴቱም ጸጉሩን የሚያጎፍርበት ጊዜ ነው። በአገራችንም ወሬው በየቀኑ የሚቀያየርበት፣ ትናንት የተሾመው ዛሬ የት እንደገባ የማይታወቅበት ጊዜ ነው። እኔ በዚህ ነገር አልገባም። እኔ የማውቀው ማዳምን ነው። ማዳም እንግሊዛዊት ናቸው፤ ባላቸው የመንገድ መሐንዲስ ሆነው አሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ ኖረዋል። እኔ አትክልተኛቸው ነበርኩ፣ እትዬ አስካለ ወጥ ሠሪያቸው። ባልየው ሞቱና ማዳም ቤታቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ "ሁለታችሁ ከኔ ጋር ኑ" አሉን። እኔ ሚስትም ልጅም የለኝም፤ ሻንጣ እንኳ አልነበረኝም፣ ልብሴን በማዳበሪያ ጆንያ ነው ያሰርኩት። እትዬ አስካለ ግን ባል የሞተባቸው፣ ፀሐይ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ልጅቱን እኅታቸው ዘንድ አስቀምጠው ነው የወጡት። ማዳም የሁለታችን የመኖሪያ ወረቀት በዓመቱ ሲታደስ የፀሐይንም አብረው ፈርመው ሊያስመጧት ቃል ገብተውላቸው ነበር። ያቺ ፀሐይ የሊያ እናት ናት።

የማዳም መንደር ከትልቁ ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ማዕዘኑ ላይ ቀይ የስልክ ሳጥን፤ በቃ፣ መንደሩ ይኸው ነው። ስልኳ አጠገብ የድንጋይ መቀመጫ ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና እትዬ አስካለ እዚያ ተቀምጠን አላፊ አግዳሚውን እንቆጥራለን፤ አምስት ሰው ከሞላ ያ ቀን ገበያ ነው። ትልቁ ዳቦ አሥር ፔኒ ነበር። የባለ ሱቁ ሚስት ሳንቲሙን ከመዳፌ ላይ ራሷ እየመረጠች ታነሳለች፣ አንድ ቀን አላጭበረበረችኝም። አሁን እዚህ ለዳቦ የማወጣውን ብታየው በድንጋጤ ሱቋን ትዘጋ ነበር። እኔ የሟቹን ጌታዬን ካፖርት ነበር የምለብሰው። እሳቸው ረጅም ስለነበሩ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይመጣል። እትዬ አስካለ በሐበሻ ቀሚሳቸው ላይ የወንድ ሹራብ ደርበው፣ ጥቁር የጎማ ቦቲ ተጫምተው፣ ከላይ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። "ምን ያፈጡብኛል እነዚህ ሰዎች?" ይሉኛል። "እትዬ፣ እኔም እያፈጠጥኩብዎት ነው" ስላቸው፣ "አንተ ደሞ! አንተ ነህ ካፖርቱን የለበስከው ወይስ ካፖርቱ ነው አንተን የለበሰህ?" ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አንዲት ራዲዮ ነበረች፣ ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች። ቃሉ አይገባንም። ዜማውን ግን እትዬ አስካለ ሽንኩርት እየከተፉ የራሳቸውን አማርኛ ይገጥሙበታል። አንደኛው ዘፈን እኔን እንጨት አልፈለጠም ብሎ የሚወቅስ ነበር፤ ዜማው ግን ደስ ይላል፣ እስካሁን ፊቴን ስታጠብ ይመጣብኛል።

ጫካዋ ከቤቱ ጀርባ፣ አንድ የእርሻ ማሳ ተሻግራ ናት። ጫካ ያልኳት ሌላ ቃል አጥቼ ነው እንጂ የአንድ ደብር ግቢ ብታህል ነው። ትልልቅ ኦክ የሚባሉ ዛፎች ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል። በመካከላቸው ከአንድ ሥር አሥርም አሥራ አምስትም ሆኖ የሚወጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ክንድ የሚያህል ዛፍ ሞልቷል። ሄዝል እንደሚሉት የሰማሁት ኋላ ነው። ማዳም እሑድ እሑድ ዱላቸውን ይዘው ይገባሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ጉንጫቸው ቀልቶ ይወጣሉ። የአባታቸው ጫካ ነው፤ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር የተመላለሱበት። አባትየው ካለፉ ወዲህ ከራሳቸው በቀር ማንም አልገባበትም አሉኝ። አንድ ቀን አብሬያቸው ገባሁ። ውስጡ በቀንም ጨለማ ነው፣ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ብቻ። እሳቸው ያዩት አባታቸውን ይሆናል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አትክልተኛ ከመሆኔ በፊት ከጉለሌ በላይ በአንድ ባለርስት ባሕር ዛፍ ላይ ስምንት ዓመት እንጨት ቆርጫለሁ። የዚህ ዛፍ አወጣጥ የባሕር ዛፍ ነው። ድሮ ተቆርጦ፣ ከጉቶው አቆጥቁጦ፣ ከዚያ የሚነካው አጥቶ እርስ በርሱ የተናነቀ መሰለኝ። እጄን በላኝ።

ያን ብርድ፣ በኛ ጥር ነው፣ መብራት እየሄደ ይመጣ ጀመር። ከሰልም ጠፋ። ምክንያቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ የማውቀው ብርዱን ነው። ማዳም እኅታቸው ታማባቸው ለሁለት ሳምንት ሊያስታምሙ ሲሄዱ፣ "ደምሴ፣ ከጫካ ትንሽ እንጨት አምጣ። አስካለ እንዳይበርደው" አሉኝ። ማዳም አማርኛውን የተማሩት ወጥ ቤት ቆመው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርገው ነው የሚናገሩት። ትንሽ ነው ያሉት እንግዲህ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለማንም አላላክክም። በኔ ሙያ ግን ከአንድ ጉቶ ሁለቱን ቆርጦ ስምንቱን መተው ነውር ነው። የቀረው ጥላ እየጣለ አዲሱን አያስነሳውም። ወይ አትንካው፤ ከነካኸው ሙልጭ አድርገህ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ፣ ዝናብ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርገህ ትቆርጠዋለህ። ጨረቃም እየጎደለች ነበር። በሙሉ ጨረቃ የተቆረጠ እንጨት ይነቅዛል፣ ስትጎድል የተቆረጠ ዕድሜ አለው። ቀኑ ራሱ ና ቁረጠኝ አለኝ። ከጎተራው የአባትየውን ምሳርና አፉ እንደ ጭልፊት መንቁር የተቆለመመ ገጀራ አገኘሁ፤ ሳልኳቸውና ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ቆረጥኩ። ኦኮቹን አልነካሁም። የቀረውን ግን የጫካውን እኩሌታ ጠረግኩት። የቆረጥኩትንም አዲስ አበባ እንጨት ተራ እንደሚደረገው ለየሁት፤ ቋሚውን ለብቻ፣ ወራጁን ለብቻ፣ ማገሩን ለብቻ፣ ጭራሮውን አስሬ ለብቻ። የማንን ቤት ልትሠራ ነው እንዳትሉኝ። እጄ የለመደው ነው። እትዬ አስካለ ማሳው ዳር መጥተው ቆሙ። "ትንሽ አይደል እንዴ ያሉህ?" አሉኝ። "ትንሽ ነው እኮ እትዬ።" "ሰማዩ ይታያል!" "ታዲያ ሰማዩን አጣሁት እያሉ ሁለት ወር ሲያለቅሱ አልነበር እንዴ?" ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

ማዳም የመጡ ቀን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደዚያ ሄዱ። ጎረቤት በስልክ ነግሯቸው ኖሯል። ተከተልኳቸው፤ ምስጋና ጠብቄ ነው፣ አልዋሽም። ጉቶዎቹ ነጫጭ ሆነው እንደ ጥርስ ተሰድረዋል። ማዳም ከዳር ቆሙ። አልጮሁም። ፈረንጅ ሲጮህ ይሻላል። "ደምሴ፣ ምን አደረግህ?" አሉ። "እንጨት ቆረጥኩ።" "የአባቴ ጫካ ነው። ገደልከው።" ይቺ ቃል አበገነችኝ። ይቅርታ ብል ኖሮ ያልፍ ነበር፤ ገዳይ መባል ግን አልወድም። "አልገደልኩም። ያቆጠቁጣል፤ ከጉቶው እንደገና ይበቅላል" አልኳቸው። "ይህን ዛፍ ታውቃለህ?" "ዛፍ አውቃለሁ!" እንዲህ እየተባባልን ወጥ ቤት ገባን። እትዬ አስካለ ድስት እያጠቡ ነው። "ዝም ብለህ ይቅርታ አትልም?" አሉኝ ማዳም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ልጅ ሆኜ አባቴ ዋርካ ሥር ሲሟገት ያየሁት መጣብኝ። የጌታዬን ካፖርት እንደ ጋቢ ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ጣቴን ቀሰርኩ፣ "እስከ ፋሲካ ባያቆጠቁጥ፣ በበቅሎ!" ብዬ ጮህኩ። በድሮ ሙግት ሰው እንዲህ ነበር የሚወራረደው። በቃሉ መተማመኑን ለማሳየት ማር ያሲዛል፣ ፈረስ ያሲዛል፣ በቅሎ ያሲዛል፤ የተረታ ይከፍላል። እንግሊዝ አገር ወጥ ቤት ውስጥ በበቅሎ የተወራረደ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ማዳም ግን አሥራ አራት ዓመት በከንቱ አልኖሩም። አዲስ አበባ ቤታቸው ከአጥቢያ ዳኛው ፊት ለፊት ስለነበር ሙግቱን ሰገነታቸው ላይ ሆነው ሲሰሙት ነው የኖሩት። ቀዝቀዝ ብለው፣ "በቅሎ የለህም" አሉኝ። "እንግዲያስ በራሴ! ባያቆጠቁጥ ወረቀቴን እንዳይፈርሙ። አገሬ እገባለሁ።" ያን ጊዜ አገር መግባት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ለመናገር ግን ቀለለኝ። ማዳም ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ "ዋስ ጥራ" አሉኝ። ዋስ ጥራ! ከየት አባቴ ልጥራ? ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። እኔም ማዳምም ወደ እትዬ አስካለ ዞርን። ዋስ የሆነ ሰው የሌላውን ዕዳ በገዛ አንገቱ ይሸከማል ማለት ነው፤ ሊያ፣ ኮሳይን ያልሽው ይኸው ነው። ማዳም፣ "አስካለ፣ አንተ ዋስ ነህ? እሱ ከሄደ አንተም ትሄዳለህ" አሉ። እሳቸው ከሄዱ ፀሐይ ትመጣለች የተባለውም ቀረ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ማዳም ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ግን አላወቅንም፤ ለቀልድም ለቁጣም ያላቸው ፊት አንድ ነው። እትዬ አስካለ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ሰማያዊ መስመር ያለው ፎጣ ነው። "ዋሱ ነኝ" አሉ። ከዚያ ፎጣውን ፊቴ ላይ ወረወሩት።

ማዳም ከዚያን ቀን ወዲያ ጫካ መግባት ተዉ። ክፉ አልተናገሩንም። ደህና አደርክ፣ ደህና እደር፣ በቃ። ሦስቱ ወረቀቶች ግን ሳይፈረሙ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ፤ እትዬ አስካለ አቧራ ሲጠርጉ እያነሱ ያስቀምጧቸዋል። እኔ በየማለዳው ጫካ ነኝ። በረዶ ሲጥል ጉቶዎቹ ነጭ ቆብ ደፍተው ይጠብቁኛል፣ በእጄ እየጠረግኩ አንድ በአንድ አያለሁ። ምንም የለም። ስመለስ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ናቸው። "እህ፣ ጉቶው ዛሬ ምን አለህ?" "ተኝቷል።" "አንተንም እንዲሁ ያስተኛህ!" አንድ ቀን ደግሞ ደብዳቤ ይዘው ጠበቁኝ። "ልጄ መቼ ነው የምመጣው ትላለች። ምን ብዬ ልጻፍላት? ደምሴ የሚባል ሰው ጉቶ እየጠበቀ ነው ልበላት?" የጫማዬን በረዶ እያራገፍኩ አለፍኳቸው። ለብቻዬ የማውቀው ነገር ነበራ። ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል፣ ወይራም ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አንዴ ከቆረጥከው አለቀ፤ ጉቶው ድንጋይ ነው። ይህ የፈረንጅ ዛፍ የማንኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም። አወጣጡ ከጉቶ ይመስላል ብዬ ነው። ከተፈጥሮው እንዲያ ተቧድኖ የሚበቅል ቢሆንስ? እድሜው ገፍቶ ጉልበቱ ያለቀ ቢሆንስ? በማላውቀው ዛፍ ማልኩ፤ ያስያዝኩት ደግሞ የሰው ልጅ ነው። እህል አልወርድ አለኝ። የጌታዬ ካፖርት ውስጥ ሁለት ደምሴ ይገባ ጀመር።

እዚህ ሎስ አንጀለስ የመጣነው ማዳም ካረፉ በኋላ ነው፣ በነዚያው ዓመታት መጨረሻ። ቤንዚን ጋሎኑ በስልሳ ሳንቲም ነው፤ ፌርፋክስ ላይ የኛ ሰው ከተገኘ ስሙን ሳይጠይቁ ይተቃቀፋሉ። ዛሬ ዳቦውም በርበሬውም በኛ ቋንቋ የሚጠራበት መንገድ ያን ጊዜ የአሮጌ ዕቃና የጫማ ማደሻ ሱቅ ነበር። እኔ ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር ከአንድ ቢሮ ሥር የሰው መኪና ፓርክ እያደረግኩ እሠራለሁ። እትዬ አስካለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ነበርና ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ልጆች ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ያን ሰፊ ሱሪያቸውን እየጎተቱ እሑድ እሑድ ለሽሮ ይመጣሉ። ሙት ዓመቱ ላይ የተናገሩት ሽማግሌዎች እነዚያው ናቸው። ስለ ዓለም ይከራከራሉ። አንደኛው ጠረጴዛ እየደበደበ ይህ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ካልሆነ ብሎ ሲምል፣ እትዬ አስካለ ጭልፋቸውን ይዘው ወደኔ ያያሉ። እኔ ወደ ሳህኔ አያለሁ።

ወደ ጫካው ልመለስ። መጋቢት ሲጋመስ ያልቆረጥኩት እኩሌታ ቢጫ ቢጫ፣ እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለ አበባ አወጣ። የኔው ወገን ራሰ በራ እንደሆነ ነው። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጉቶ ቅርፊት ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር አየሁ። ተንበርክኬ አየኋት። ቀጥሎ ያለውም ላይ አለች። ለማንም አልተናገርኩም፣ ትንሽ ትደግ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ የለችም። ከሥሯ ተቀርጥፋለች። መሬቱ ላይ እንደ ሚዳቋ ያለ ኮቴና በጠጥ አለ። ጫካውን ስገልጠው ለካ ለነሱ ገበታ ዘርግቼላቸዋለሁ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። "እትዬ! አቆጥቁጧል!" "እልል ልበል?" "አይበሉ፣ ተበልቷል!" የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። "ማን በላው?" "ሚዳቋ።" "ሚዳቋ" አሉ ረጋ ብለው። "ሰው አልበቃኝ ብሎ ሚዳቋ። ቦቲዬን አቀብለኝ።"

ሁለታችን ወጣን። በየጉቶው ላይ ጭራሮ ከመርንበት። ዙሪያውን ቋሚውን ተከልን፣ ማገሩን ማገርን፣ ማሳው ዳር ያለውን እሾህ ቆርጠን ላዩ ላይ ጠመጠምን፤ ልክ እንደ ከብት በረት። መንደርተኛው ውሻውን ይዞ እየቆመ ያየን ነበር። እትዬ አስካለ እሾህ ሲወጋቸው ሚዳቋዋን አይደለም፣ እኔን ነው የሚረግሙት። "እኔ አገር የተሻገርኩት ወጥ ልሠራ ነው እንጂ አውሬ ልጠብቅ ነው? ያዝ እንጂ! ያንን ይዘህ ይኼን ትለቃለህ?" "እትዬ፣ እጄ ሁለት ብቻ ነው።" "ምላስህስ? ምላስህ ስንት ነው?" ስድስት ቀን ፈጀብን። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አንቀምስም። ማዳም ከመስኮታቸው ያዩናል። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትሪ ይዘው ማሳውን ተሻግረው መጡ፤ ሻይና ዳቦ። "ጾም ነው፣ አውቃለሁ። ወተት የለም" አሉና ጫካውን ሳያዩ ተመለሱ። "ሊያባርሩን ነው ወይስ ሊያሰነብቱን?" አሉ እትዬ አስካለ ዳቦውን እየቆረሱ።

ዓርብ ስቅለት ዝናብ ዘነበ፤ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ዝናብ። ቅዳሜ ጠዋት የእሾሁን በር ከፍቼ ገባሁ። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ከየጉቶው ሰባትም ስምንትም፣ ጣት የምታህል፣ ጠጉራም፣ ጫፏ ቀላ ያለ ቀንበጥ ወጥታለች። አንዱ ጉቶ አይደለም። ሁሉም ነው። ጭራሮውን እያነሳሁ እያንዳንዱን አየሁ። ፀሐይ ያገኘው መሬትም ቢጫ አበባ አውጥቷል፣ ማንም ያልዘራው። እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ሰው ባዶ ይሆናል፤ መሳቅም አቃተኝ። ስቆይባቸው እትዬ አስካለ መጡ፣ እዚያው ተቀምጬ አገኙኝ። ክፉ ነገር የሆነ መስሏቸው ፊታቸው አመድ ሆነ። እጄን ወደ ጉቶው ዘረጋሁ። ጎንበስ ብለው ቀንበጧን በአንድ ጣት ነኳት፣ ጣታቸውን ሳሙት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ማዳምን ሊጠሩ ሄዱ።

ማዳም የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ቦቲ አድርገው መጡ። ከጉቶ ጉቶ እየዞሩ፣ እየቆጠሩ ይመስል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አዩ። አበባው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "ይህ አበባ ልጅ ሳለሁ ነበር" አሉ። "አባቴ ይቆርጥ ነበር። በየዓመቱ ትንሽ፣ ትንሽ። ረስቼ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ።" ወደኔ ዞረው ደግሞ፣ "ደምሴ፣ ሌላውን ግማሽ ለከርሞ። ግን እኔ እያየሁ!" አሉኝ። ወዲያው ቤት ገብተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የኔን ፈረሙ፣ የእትዬ አስካለን ፈረሙ፣ የፀሐይን ፈረሙ። የፀሐይን ሲፈርሙ እትዬ አስካለ አላዩም፤ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ነበር።

ከቀትር በኋላ የረሳነውን ምሳር ልናመጣ ሁለታችን ተመለስን። ማሳው መሀል ስንደርስ አላስችል አለኝ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝ።" "ዛሬ አልቆጣም፣ ተናገር።" "ያን ዛፍ አላውቀውም ነበር። ማቆጥቆጡንም አላውቅም።"

እርምጃቸውን እንኳ አልገቱም። "እሱንማ የማልክ ዕለት ነው ያወቅሁት። የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይጮህም።"

እኔ ቆምኩ። "ታዲያ እያወቁ ዋስ ሆኑኝ? የልጅዎ ነገር እያለ?"

እትዬ አስካለ ዞሩ። ቦቲያቸው በጭቃ ከብዷል። "ዋስ ጥራ ስትባል ወደ ማን ነው የዞርከው?" አሉኝ። "ወደኔ አይደለም? እምቢ ብዬ ልጄን ባመጣት፣ ነገ አድጋ ያን ሰውዬ ምን አደረግሽው ስትለኝ ምን እላታለሁ?" ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ደግሞ የፈራሁት ወረቀቱ እንዳይቀር ሳይሆን፣ ባያቆጠቁጥ አንተን እንዳልገድልህ ነበር። አሁን ፍጠን፣ ዶሮው አልተበለተም" ብለው ቀድመውኝ ሄዱ።